ሮበርት ዊድላር፦ ሕይወቱ፣ ሥራውና የጸጥተኛ ቮልቴጅ ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገናና በመልካ ቁንጡሬ በኩል ጢያን አልፎ ወደ ቡታጅራ የሚጓዝ ሰው የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ቡኢን ያገኛል። እንደ ቡኢ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ከሱቆቹ መካከል የሬዲዮና የድምፅ ማጉያ መጠገኛ ብዙ ጊዜ አይታጣም። በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ከተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ሦስት እግርና ለመታሰሪያ የሚሆን ቀዳዳ ያላት አንዲት ጥቁር ቁራጭ ትታያለች። በግንባሯ ላይ 7805 ወይም 317 የሚል ቁጥር ተጽፎባታል። ይህችን ቁራጭ የማያውቅ የሙያ ባልደረባ የለም፤ የአሳቡን አባት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ጉዳዩን ለማስረዳት አንድ የተለመደ ብልሽት እንውሰድ። በ5 ቮልት የሚሠራ፣ ፍላሽ የሚያጫውት ሬዲዮ ቀን ላይ በደኅና ሲሠራ ይውላል። ምሽት ላይ መብራት ሲደክም ግን ከዘፈኑ ሥር ጉምጉምታ ይነሣል። ጠጋኙ ሬጉሌተሩን ይለውጣል፤ ጉምጉምታው አይለወጥም። ባለ ዕቃው ገንዘቡን ከፍሎ ሁከቱን እንደያዘ ይመለሳል። ጥፋቱ የቁራጯ አልነበረም፤ ቁራጯ ምን ልታደርግ እንደተሠራችና ምን እንደማትችል አለማወቅ እንጂ። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው እ.አ.አ. በ1991 የሞተውን የሮበርት ዊድላርን ሕይወት ለባልደረቦች ማስታወስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እርሱ ካሰበው አሳብ ተነሥቶ በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ሁከት ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚቀነስ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና የወጣትነት ዘመን

ሮበርት ጆን ዊድላር በኖቬምበር 30 ቀን 1937 በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሙያውን በራሱ ጥረት የተማረና በሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የሚሠራ መሐንዲስ ስለነበረ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሽቦና በሬዲዮ መካከል አደገ። ገና በዐሥራዎቹ አጋማሽ ላይ ሳለ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዕቃ ይጠግን ነበር። በዚህ ረገድ የሙያው መነሻ ከእኛ አገር ጠጋኞች መነሻ የራቀ አልነበረም።

በ1958 የአሜሪካ አየር ኀይልን ተቀላቀለ፤ በዚያም ወታደሮችን ኤሌክትሮኒክስ ያስተምር ነበር። ለተማሪዎቹም ስለ ሴሚኮንዳክተር ዕቃዎች የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጀ። በ1961 ከውትድርና ወጥቶ በኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ፣ ለሕዋ ምርምር መሣሪያ በሚሠራ ድርጅት ተቀጠረ። ጎን ለጎንም በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ቆይቶ በ1963 በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቀ። ከዚያ በላይ የሚቆጠር የትምህርት ማዕርግ አልነበረውም። ሆኖም ትራንዚስተርን ከመጽሐፍ በፊት በእጁ ያወቀ፣ ያወቀውንም ለሌላ ማስረዳት የተለማመደ ሰው ሆኖ ነበር።

በፌርቻይልድ

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ድርጅት ገባ። ለሥራ ሲጠየቅ መጠጥ ቀምሶ እንደነበረና የድርጅቱን የአናሎግ ሥራ በፊት ለፊት እንደነቀፈ ባልደረቦቹ ሲያወሩት ኖረዋል። ያም ሆኖ ተቀጠረ። በድርጅቱ ውስጥ የማምረቻውን ሂደት ጠንቅቆ ከሚያውቀው ከዴቭ ታልበርት ጋር ተጣመረ፤ አንዱ ሰርኪዩቱን ሲያስብ ሌላው በሲሊኮን ላይ ይጽፈው ነበር።

በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ መሐንዲሶች በነጠላ ነጠላ ክፍሎች የተሠራውን ሰርኪዩት እንዳለ ወደ ሲሊኮን ለመገልበጥ ይሞክሩ ነበር። ዊድላር ግን ሲሊኮን የራሱ ጠባይ እንዳለው ተረዳ። በአንድ ቁራጭ ላይ ትልቅ ሬዚስተርና ትልቅ ካፓሲተር መሥራት እጅግ ብዙ ቦታ ይፈጃል። በአንጻሩ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ትራንዚስተሮች እንደ መንትያ ልጆች ይመሳሰላሉ፤ ሙቀታቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ሬዚስተርን በትራንዚስተር፣ የክፍሎችን ፍጹም ልክነት ደግሞ በመመሳሰላቸው መተካት ይቻላል። ከዚህ አስተሳሰብ በ1964 ማይክሮ ኤ 702፣ በ1965 ደግሞ ማይክሮ ኤ 709 የተባሉት ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየሮች ወጡ። ሁለተኛው በኢንዱስትሪው ውስጥ ለዓመታት መለኪያ ሆኖ ቆየ።

በስሙ የሚጠራው የዊድላር የከረንት ምንጭም የዚህ አስተሳሰብ ልጅ ነው። ለምሳሌ ከ10 ቮልት ምንጭ በአንድ ሬዚስተር ብቻ 10 ማይክሮ አምፔር ለማግኘት ወደ 1 ሜጋ ኦም የሚጠጋ ሬዚስተር ያስፈልጋል። ይህ በሲሊኮን ላይ የማይሞከር ነበር። ዊድላር ግን አንዱ ትራንዚስተር 1 ሚሊ አምፔር፣ መንትያው 10 ማይክሮ አምፔር ቢሸከሙ በመካከላቸው የ120 ሚሊ ቮልት ያህል ልዩነት እንደሚኖር አስተዋለ። ይህን ልዩነት ወደ 12 ኪሎ ኦም በሚሆን ሬዚስተር ላይ በማሳረፍ የፈለገውን ጥቃቅን ከረንት አገኘ። አንባቢ ይህን የሁለት መንትዮች ልዩነት በአእምሮው ይያዝልን፤ ኋላ ስለ ሁከት ስንናገር ተመልሶ ይመጣልና።

ወደ ናሽናል መሻገርና የመጀመሪያው ሬጉሌተር

በ1965 መጨረሻ ዊድላርና ታልበርት ፌርቻይልድን ለቅቀው ወደ ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ወገን ተሻገሩ። ሲለቅ እንዲሞላ የተሰጠውን የመጠይቅ ወረቀት መክበር እፈልጋለሁ ከሚል መልስ በቀር ባዶ አድርጎ እንደመለሰው ይነገራል። በአዲሱ ቤት የመጀመሪያ ሥራው ኤል ኤም 100 ነበር። ይህ ዕቃ በአንድ ሲሊኮን ላይ የተሠራ የመጀመሪያው የቮልቴጅ ሬጉሌተር ሲሆን ውፅዓቱን ከ2 እስከ 30 ቮልት ማስተካከል ይቻል ነበር።

ሊኒየር ሬጉሌተር በመሠረቱ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የማይናወጥ መለኪያ ቮልቴጅ፣ ሁለተኛው ውፅዓቱን ከመለኪያው ጋር የሚያመዛዝን አምፕሊፋየር፣ ሦስተኛው ደግሞ በአምፕሊፋየሩ ትእዛዝ ከረንትን እንደ ቧንቧ መክፈቻ የሚያጠብና የሚያሰፋ ትራንዚስተር ነው። መለኪያው ቢናወጥ ውፅዓቱ አብሮ ይናወጣል። አምፕሊፋየሩ መለኪያውን በታማኝነት ስለሚከተል ሁከቱን እንደ ትእዛዝ ይቀበለዋል። ስለዚህ የሬጉሌተር የራሱ ሁከት ዋነኛ ምንጩ መለኪያው ነው።

በኤል ኤም 100 ውስጥ መለኪያው የተመሠረተው በዜነር ዳዮድ ላይ ነበር። ዜነር በመሰበሪያው ቮልቴጅ ላይ ሲሠራ ኤሌክትሮኖች እየተጋጩ ስለሚፈስሱ የማያቋርጥ ሽሽታ ያሰማል። ዊድላር ይህን አልደበቀም፤ ከመለኪያው አንዲት እግር ወደ ውጭ አውጥቶ ተጠቃሚው በትንሽ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ እንዲያስራት አደረገ። ሽሽታው አምፕሊፋየሩ ዘንድ ሳይደርስ ከምንጩ ይጠፋል። ሁከትን ከምንጩ ማድረቅ ካስከተለው ጥፋት በኋላ ከማባረር እንደሚሻል ይህች አንዲት እግር ትመሰክራለች።

ኤል ኤም 109 እና ዋጋው

ዜነር ሌላም ጉድለት ነበረበት። የሚሠራው ከ6 ቮልት በላይ በመሆኑ ለዲጂታል ሰርኪዩት ለሚያስፈልገው 5 ቮልት አይመችም ነበር። ከዚህም በላይ ዊድላር የፈለገው እያንዳንዱ የሰርኪዩት ሰሌዳ የራሱን ሬጉሌተር እንዲይዝ ነበር። ለዚህ ደግሞ ማስተካከያ የማይፈልግ፣ ሦስት እግር ብቻ ያለው፣ ሲግልም ሆነ ሲያያዝ ራሱን የሚያድን ዕቃ ያስፈልግ ነበር። መልሱ ኤል ኤም 109 ሆነ። ዊድላር በ1970 በዓለም አቀፍ የሰርኪዩት ጉባኤ ላይ አቀረበው፤ በቀጣዩ ዓመትም በሙያ መጽሔት ላይ አብራራው። ዛሬ በየሰሌዳው የምናያቸው የ78 ተከታታይ ሬጉሌተሮች የዚህን ዕቃ ፈለግ የተከተሉ ናቸው።

በኤል ኤም 109 ውስጥ ዜነር የለም። ዊድላር የሠራበት መለኪያ ባንድጋፕ ይባላል። የመርሁን ዘር በ1964 በፌርቻይልድ የነበረው ዴቪድ ሂልቢበር ጠቁሞት ነበር፤ በአንድ ቁራጭ ላይ ለሬጉሌተር እንዲያገለግል ያደረገው ግን ዊድላር ነው። የትራንዚስተር የቤዝና የኤሚተር ቮልቴጅ ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ 2 ሚሊ ቮልት ይቀንሳል። በአንጻሩ ከላይ ያነሣነው የመንትዮቹ ልዩነት ሙቀት ሲጨምር ይጨምራል። የከረንታቸው ጥግግት ዐሥር እጥፍ ሲራራቅ ልዩነቱ በክፍል ሙቀት 60 ሚሊ ቮልት ያህል ሲሆን በዲግሪ 0.2 ሚሊ ቮልት ያድጋል። ይህ ልዩነት በዐሥር ቢባዛ 600 ሚሊ ቮልት ይሆናል፤ እድገቱም 2 ሚሊ ቮልት ይደርሳል። ከመጀመሪያው 600 ሚሊ ቮልት ጋር ሲደመር ሙቀት የማያናውጠው ወደ 1.2 ቮልት የሚጠጋ መለኪያ ይገኛል። የሚወድቀውና የሚነሣው ተደምረው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ነገር ግን በዚህ ዓለም ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለም። 60 ሚሊ ቮልቱ በዐሥር ሲባዛ በውስጡ ያለው ሁከትም አብሮ በዐሥር ይባዛል። 1.2 ቮልት ወደ 5 ቮልት ሲያድግ ደግሞ በመርሁ ሌላ አራት እጥፍ ይጨመርበታል። ስለዚህ ባንድጋፕ በሙቀት ረገድ የጸና ቢሆንም በባሕርዩ ጸጥተኛ አይደለም። የኤል ኤም 109 የመረጃ ወረቀት ከ10 ሄርዝ እስከ 100 ኪሎ ሄርዝ ባለው ክልል የሚያስመዘግበው ሁከት 40 ማይክሮ ቮልት ያህል ነው። ለዲጂታል ሰርኪዩት ይህ ከቁጥር አይገባም። ለማይክሮፎን አምፕሊፋየር ወይም ለትክክለኛ መለኪያ መሣሪያ ግን ይሰማል። ዊድላር አንዱን ለማግኘት ሌላውን መስጠት እንዳለበት አውቆ መረጠ፤ ለመረጠው ሥራም ምርጫው ትክክል ነበር። ስሕተቱ የሚጀምረው እኛ ዕቃውን ላልታሰበለት ሥራ ስናውለውና ከጸና ቮልቴጅ ጋር ጸጥታም አብሮ የሚመጣ ሲመስለን ነው።

ወደ ጠጋኙ ጠረጴዛ

አሁን በቡኢ ትተነው ወደመጣነው ሬዲዮ እንመለስ። የዚህ ሬዲዮ ጉምጉምታ ከመለኪያው የሚመጣው ሽሽታ አይደለም። መብራታችን 50 ሄርዝ ስለሆነና ሬክቲፋየሩ ሁለቱንም ግማሽ ሞገድ ስለሚያሳልፍ በማጣሪያው ካፓሲተር ላይ የ100 ሄርዝ ውጣ ውረድ ይኖራል። ዕቃው 0.5 አምፔር የሚወስድና ካፓሲተሩ 3300 ማይክሮ ፋራድ ቢሆን በእያንዳንዱ 0.01 ሴኮንድ ውስጥ ቮልቴጁ ከሞላ ጎደል 1.5 ቮልት ይወርዳል። መስመሩ 220 ቮልት ሲሆን ከፍታው 10 ቮልት ቢሆን ሸለቆው 8.5 ቮልት ነው። ሬጉሌተሩ በደኅና ለመሥራት ወደ 7 ቮልት ስለሚያስፈልገው ውጣ ውረዱን አጥፍቶ ንጹሕ 5 ቮልት ይሰጣል።

መስመሩ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ግን ከፍታው ወደ 7.9፣ ሸለቆው ወደ 6.4 ቮልት ዝቅ ይላል። በሴኮንድ 100 ጊዜ ሬጉሌተሩ መቆጣጠሩን ይለቅቃል፤ ጉምጉምታውም በተከፈተው በር ይገባል። ቁራጯን ዐሥር ጊዜ ቢለውጧት ለውጥ የለም። ካፓሲተሩን ወደ 10000 ማይክሮ ፋራድ ቢያሳድጉት ግን ውጣ ውረዱ ወደ 0.5 ቮልት ስለሚጠብ ሸለቆው 7.4 ቮልት ሆኖ ጉምጉምታው ይቆማል። አርጅቶ አቅሙን ያጣ ካፓሲተርም ይህንኑ በሽታ ስለሚያመጣ ከሁሉ በፊት መፈተሽ ያለበት እርሱ ነው።

ሁለተኛው የጉምጉምታ ምንጭ የግራውንድ መስመር ነው። ሬክቲፋየሩ ካፓሲተሩን የሚሞላው በአጫጭር የከረንት ግፊቶች ነው። ግፊቱ 3 አምፔር፣ የጋራው ሽቦ ደግሞ 10 ሚሊ ኦም ቢሆን በሽቦው ላይ 30 ሚሊ ቮልት ሁከት ይፈጠራል፤ ይህም ከሬጉሌተሩ የራስ ሁከት በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የሬክቲፋየሩ መመለሻ በቀጥታ ከካፓሲተሩ እግር ላይ ይታሰር፤ የድምፁ ክፍል ግራውንድ ከሬጉሌተሩ ውፅዓት በኩል ለብቻው ይነሣ።

ሦስተኛው ሽሽታው ራሱ ነው። በ317 ላይ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከማስተካከያዋ እግር ወደ ግራውንድ 10 ማይክሮ ፋራድ ቢታሰር የመለኪያው ሁከት ከውፅዓቱ ጋር አብሮ መባዛቱ ይቀራል። በመስመሩ የሚመጣውንም ውጣ ውረድ የመከላከል አቅሙ ከ65 ወደ 80 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላል። ካፓሲተሩ ሲፈስስ ቁራጯን እንዳይጎዳ የመከላከያ ዳዮድ መጨመር ይገባል። 7805 ግን ይህን የመሰለ እግር የላትም። በውፅዓቷም ላይ ትልቅ ካፓሲተር መደርደር በዝቅተኛ ድግግሞሽ ብዙ አይረዳም፤ ሬጉሌተሩ ራሱ ከካፓሲተሩ ይልቅ ብርቱ ሆኖ ሁከቱን ይጭንበታልና። ጥቂት ከረንት ለሚወስድ የድምፅ ክፍል ግን ከሬጉሌተሩ በኋላ 10 ኦም ሬዚስተርና 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ቢደረግ ከ16 ሄርዝ በላይ ያለው ሁከት እየከሰመ ይሄዳል። በ20 ሚሊ አምፔር የሚጠፋው ቮልቴጅ 0.2 ብቻ ነው።

በመጨረሻም የማጣሪያው ካፓሲተር ከሬጉሌተሩ የራቀ ከሆነ 0.33 ማይክሮ ፋራድ የሚሆን ትንሽ ካፓሲተር ከመግቢያዋ እግር አጠገብ መታሰር አለበት። ይህ ካልሆነ ሬጉሌተሩ ራሱ ሊርገበገብና ሁከትን የሚያጠፋ የተባለው ዕቃ ሁከትን የሚወልድ ሊሆን ይችላል።

ጠባዩና የመጨረሻ ዘመኑ

ዊድላር ጸጥ ያለ ቮልቴጅ ቢሠራም ራሱ ጸጥ ያለ ሰው አልነበረም። ብዙ ይጠጣ፣ ከአለቆቹ ጋር ይጋጭ፣ ለድርጅት ሥርዓት አይገዛም ነበር። ናሽናል ወጪ ለመቀነስ የግቢውን ሣር ማሳጨት በተወ ጊዜ በግ አምጥቶ በሣሩ ላይ አሰማራ። በክፍሉ ውስጥ ጮክ ብሎ ለሚናገር እንግዳ ቀጭን ፉጨት የሚመልስ ሰርኪዩት አኑሮ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ ያላደረገ ሰው ፉጨቱን አይገላገልም። ያሳሳተውን የተበላሸ ዕቃ ደግሞ ዳግመኛ ማንንም እንዳያሳስት በመዶሻ ያደቅቀው ነበር። ባልደረቦቹ እንደሚያወሩት፣ አንድ ጊዜ በሰርኪዩቱ ውስጥ ያገኘው ሁከት ከአውሮፕላን ማረፊያ የሬዲዮ ማሠራጫ እንደሚመጣ ባወቀ ጊዜ ስልክ ደውሎ ማሠራጫውን እንዲያጠፉት ጠየቀ። በእነዚህ ወጎች ይሳቃል። ይሁን እንጂ ከቀልዱ ሥር ያለው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ሁከት ባገኘ ጊዜ ምንጩን ሳያውቅ አያርፍም ነበር።

በ1970 መጨረሻ ከናሽናል ለቀቀ። ያከማቸውን አክሲዮን ሸጦ በ33 ዓመቱ በሜክሲኮ፣ በፖርቶ ባያርታ የባሕር ዳር ከተማ ተቀመጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለናሽናል በአማካሪነት ተመልሶ እስከ 1.1 ቮልት በሚወርድ ኀይል የሚሠራውን ኤል ኤም 10 ሠራ። በ1981 ከሮበርት ስዋንሰንና ከሮበርት ዶብኪን ጋር ሊኒየር ቴክኖሎጂ የተባለውን ድርጅት በመመሥረት ተሳተፈ፤ ነገር ግን ከባልደረቦቹ ጋር ስላልተስማማ በ1984 ተለየ። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1991 በፖርቶ ባያርታ በልብ ሕመም በ53 ዓመቱ ሞተ። በ2009 ስሙ በአሜሪካ የፈጠራ ሰዎች የክብር መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ከዚህ ሰው ሕይወት ሁሉ ነገር አርአያ አይሆንም። መጠጡና ጠበኝነቱ በትዳርም ሆነ በማኅበር የሚመከሩ አይደሉም፤ ሥራውንም የወለዱት እነርሱ አልነበሩም። የሥራው መሠረት የዕቃውን ጠባይ እስከ ጥልቁ ማወቅና ለተገኘው ጥቅም የተከፈለውን ዋጋ በግልጽ መመዝገብ ነበር። የእኛም ማኅበር አባላት በዲዛይን ክፍልም ሆነ በገጠር ከተማ መጠገኛ ስንቀመጥ ይህ አይከብደንም። ጉምጉምታ የሰማ ባለሙያ ቁራጯን ከመንቀሉ በፊት በሸለቆው ላይ ስንት ቮልት እንዳለ ቢለካ፣ ግራውንዱን በዓይኑ ቢከታተል፣ የመረጃ ወረቀቱን ቢያነብ የደንበኛው ገንዘብ ይድናል፤ የሙያውም ስም ይጠበቃል። በቡኢ መንገድ ዳር ምሽት ላይ ሬዲዮውን የሚከፍት ሰው የዊድላርን ስም ላያውቅ ይችላል፤ ዘፈኑን ግን ያለ ጉምጉምታ መስማት ይገባዋል።